ሃሪ ፈርጉሰን፡ ስሙ በገዳሪፍ ትራክተሮች ላይ የቀረው የሞተር ሰው

ክረምት ሲገባ በምሥራቅ ሱዳን የሚገኘው የገዳሪፍ ሜዳ ጠባዩ ይለወጣል። በበጋ ፀሐይ ተሰነጣጥቆ የነበረው ጥቁር አፈር ዝናብ ሲጠግብ ከጫማም ከጎማም የማይላቀቅ ጭቃ ይሆናል። ገበሬው የሚያርሰውና የሚዘራው በድርቀቱና በጭቃው መካከል ባሉት ጥቂት ቀናት ነው። አፈሩ ሳይለሰልስ የቸኮለ ዘሩን ያባክናል፤ የዘገየ ደግሞ ትራክተሩ ከማሳው መሐል ሰጥሞ ይቀርበታል።

በእንዲህ ያለ ቀን የሞተር ጉልበት ብቻውን ብዙ አይረዳም። ጎማው አንዴ መንሸራተት ከጀመረ፣ ነጂው ነዳጅ በረገጠ ቁጥር ትራክተሩ ወደፊት በመሄድ ፈንታ የራሱን ጉድጓድ ይቆፍራል። ኃይሉ ከሞተሩ ይወጣል፤ ነገር ግን መሬቱን አይጨብጥም።

ከገዳሪፍ እስከ ጋላባት፣ ድንበሩን ተሻግሮም በመተማና በሁመራ የሰሊጥና የማሽላ እርሻዎች ላይ ለብዙ ዓመታት ከታዩት ትራክተሮች መካከል ማሲ ፈርጉሰን የሚል ስም የተጻፈባቸው ቀያዮቹ ይገኙበታል። ከስሙ ግማሽ የሆነው ፈርጉሰን፣ ዕድሜውን በሙሉ ከዚህ አንድ ችግር ጋር ሲታገል የኖረ የአየርላንድ ሰው ነበር። በአውሮፕላን፣ በትራክተርና በፈጣን መኪና ሞክሮታል። የጠየቀው ጥያቄ ግን አንድ ነበር፤ የሞተርን ጉልበት መሬት ላይ የሚያውለው ምንድን ነው?

ከእርሻ የሸሸው የገበሬ ልጅ

ሄንሪ ጆርጅ ፈርጉሰን የተወለደው እአአ ኅዳር 4/1884 በሰሜናዊ አየርላንድ በዳውን አውራጃ፣ ድሮሞር ከተማ አጠገብ በምትገኝ ግሮዌል በተባለች መንደር ነው። ቤተሰቡ በእርሻ የሚተዳደር ሲሆን፣ እሱ ከ11 ልጆች አንዱ ነበር። አባቱ በሃይማኖትም በሥራም ጥብቅ ሰው ነበሩ። ልጁ ሃሪ ግን ገና ከጠዋቱ ከእርሻ ሥራ ጋር አልተስማማም። ከፈረስ ኋላ ቀኑን ሙሉ መከተል፣ ድካሙም ከምርቱ ጋር አለመመጣጠኑ ያስመርረው ነበር።

ወደ ካናዳ ለመሰደድ ሲያስብ ሳለ ታላቅ ወንድሙ ጆ በቤልፋስት ከተማ የብስክሌትና የመኪና መጠገኛ ጋራዥ ከፈተ። ሃሪ እአአ በ1902 በዚያ ተቀጠረ። ብዙም ሳይቆይ ሌላው መካኒክ ተስፋ የቆረጠበትን ሞተር የሚያስነሳ እጅ እንዳለው ታወቀ። ለጋራዡ ገበያ ለማምጣት ሲልም በሞተር ብስክሌትና በመኪና መወዳደር ጀመረ።

በዚያ ዘመን አንድ ሞተር ምን ያህል ኃይል እንደሚሰጥ ማንም አስቀድሞ በእርግጠኝነት መናገር አይችልም ነበር። ነዳጅና አየር የሚቀላቅለውን ካርቡሬተር ማስተካከል፣ ብልጭታው በትክክለኛው ቅጽበት እንዲፈነጥቅ ማድረግ የጆሮና የጣት ሥራ ነበር። ፈርጉሰን ይህን ሥራ በጋራዡ ወለል ላይ ተማረ።

መሬቱን የለቀቀው ሞተር

እአአ በ1909 ፈርጉሰን ፈረንሳይ ውስጥ በሬንስ ከተማ የተካሄደውን የበረራ ትርዒት ተመለከተ። ወደ ቤልፋስት ሲመለስ ከወንድሙ ጋር የራሳቸውን አውሮፕላን ለመሥራት ተነሱ። የመረጡት ሞተር ጄኤፒ የተባለው የእንግሊዝ ኩባንያ ያመረተው ሲሆን፣ 8 ሲሊንደሮቹ በ‘ቪ’ ቅርጽ ተደርድረው 35 የፈረስ ጉልበት ይሰጡ ነበር። የሚቀዘቅዘውም በውኃ ሳይሆን በአየር ነው። ምርጫው ምክንያት ነበረው። ውኃና ራዲያተር ክብደት ይጨምራሉ፤ ለአውሮፕላን ደግሞ እያንዳንዱ ኪሎ ዕዳ ነው።

እአአ ታኅሣሥ 31/1909፣ ነፋሱ እያንገላታው፣ በሂልስቦሮ ሜዳ 118 ሜትር ያህል በአየር ላይ ተጓዘ። በዚያች ቀን በአየርላንድ ምድር በሞተር ኃይል የበረረ የመጀመሪያው ሰው ሆነ። በተከታዩ ዓመት ደግሞ በኒውካስል የባሕር ዳርቻ 3 ማይል ያህል በመብረር የ100 ፓውንድ ሽልማት አሸነፈ።

በረራው ግን አደጋ ያልተለየው ነበር። ወንድማማቾቹ በዚህ ጉዳይ አልተግባቡም፤ ፈርጉሰንም እአአ በ1911 የራሱን የመኪና መሸጫና መጠገኛ ከፈተ። ከአውሮፕላኑ ሥራ ይዞት የወጣው አንድ ዕውቀት ግን አብሮት ኖረ። ትልቅ ሞተር የግድ የተሻለ ሞተር አይደለም፤ ሞተር የሚመዘነው ከሚሸከመው ክብደትና ከተመደበበት ሥራ ጋር ነው።

የጠፋው እርፍ

በመጀመሪያው የዓለም ጦርነት የጀርመን ባሕር ሰርጓጅ መርከቦች ወደ ብሪታኒያ እህል የሚያመላልሱትን መርከቦች እያሰጠሙ ነበር። በረሃብ የሰጋው መንግሥት ብዙ መሬት እንዲታረስ አዘዘ። እአአ በ1917 የአየርላንድ የግብርና ቦርድ ፈርጉሰን በአገሪቱ ያሉ ትራክተሮች እንዴት እንደሚሠሩ እየዞረ እንዲያይና አሠራራቸውን እንዲያሻሽል ጠየቀው። እሱም ዊሊ ሳንድስ ከተባለው መካኒኩ ጋር መንገድ ጀመረ።

ያዩት ነገር አላስደሰታቸውም። ትራክተሮቹ ከባድ ነበሩ፤ የሚረግጡትን መሬት እያጠበቁ ያበላሹታል። ማረሻው በሰንሰለት ወይም በመንጠቆ ከኋላ ይጎተታል እንጂ ከትራክተሩ ጋር አንድ አካል አልነበረም። ማረሻው ድንጋይ ወይም ሥር ሲይዘው ደግሞ ጎማው መዞሩን ስለማያቆም፣ የትራክተሩ አፍንጫ ወደ ሰማይ ተነሥቶ ነጂው ላይ ይገለበጥ ነበር። በዚህ ሁኔታ ብዙ ነጂዎች ሞተዋል።

ችግሩን በበሬ ያረሰ ሰው ወዲያው ይረዳዋል። በበሬ እርሻ ሞፈሩ ማረሻውን ከቀንበሩ ጋር አንድ አካል ያደርገዋል፤ አራሹ ደግሞ እርፉን በእጁ ይዞ አፈሩን ያዳምጣል። መሬቱ ሲጠነክር ትንሽ ያነሣል፣ ሲለሰልስ ይጫናል። ትራክተር በበሬው ቦታ ሲተካ ጉልበቱ መጣ፤ ሞፈሩና እርፉ ግን ጠፉ።

ፈርጉሰን የጠፋውን እርፍ ለመመለስ ብዙ ዓመታት ፈጀ። መጀመሪያ የፎርድ ሞዴል ቲ መኪናን ወደ ትራክተር ለሚለውጥ ኤሮስ ለተባለ መሣሪያ የሚሆን ቀላል ማረሻ ሠራ። ፎርድሰን የተባለው ርካሽ ትራክተር ገበያውን ሲያጥለቀልቀው ያ ሥራ ከንቱ ቀረ። ሳይታክት ለፎርድሰን የሚሆን ሌላ ማረሻ ጀመረ።

የኋላ ኋላ የደረሰበት መፍትሔ በሦስት ክንዶች ላይ የቆመ ነው። ሁለቱ ክንዶች ከታች ማረሻውን ይጎትታሉ፤ ሦስተኛው ከላይ ይደግፈዋል። ማረሻው ጠንካራ አፈር ሲገጥመው የላይኛው ክንድ ወደፊት ይገፋል። ግፊቱ ሃይድሮሊኩን ያዝዛል፤ ሃይድሮሊኩም ማረሻውን በጥቂቱ ያነሣል። አፈሩ ሲለሰልስ መልሶ ያወርደዋል። ይህን የሚያደርገው አንድም ሰው ሳይነካው ነው።

ከዚህ የሚበልጥ ሌላ ጥቅምም ተገኘ። የማረሻው ክብደትና የአፈሩ ተቃውሞ በክንዶቹ በኩል ተላልፎ የኋላ ጎማዎቹን ወደ መሬት ይጫናቸዋል። የላይኛው ክንድ ግፊት ደግሞ አፍንጫው እንዳይነሣ ይከለክላል። መሬቱ በጠነከረ ቁጥር ጎማው ይበልጥ ይጨብጣል። ስለዚህ ትራክተሩ ለመጎተት ሲል ከባድ መሆን አላስፈለገውም። አንድ ቶን ገደማ የሚመዝን ትራክተር ከእሱ እጅግ የሚከብዱት የሚሠሩትን ሥራ መሥራት ቻለ።

የትኛው ሞተር ይሻላል?

ፈርጉሰን ይህን አሠራር ይዞ ወደ አምራቾች ሲሄድ ብዙዎቹ ፊታቸውን አዞሩበት። ስለዚህ እአአ በ1933 የራሱን የሙከራ ትራክተር ሠራ። ጥቁር ቀለም ስለተቀባ ጥቁሩ ትራክተር ተባለ። ሞተሩ ከአሜሪካው ሄርኩለስ ኩባንያ የተገዛ፣ 18 የፈረስ ጉልበት ያለው ነበር።

እአአ በ1936 ከእንግሊዛዊው ጥርስ አምራች ዴቪድ ብራውን ጋር በመተባበር ለገበያ የቀረበው ትራክተር መጀመሪያ የኮቨንትሪ ክላይማክስን ባለ 4 ሲሊንደር ሞተር፣ በኋላም ብራውን ራሱ ያመረተውን ሞተር ይዞ ወጣ። ትራክተሩ ጥሩ ነበር፤ ዋጋው ግን ለገበሬው ውድ ሆነ። ከ1,400 በታች ተሠርቶ ቆመ። ብራውን የሚበልጥ ጉልበት ያለው ትራክተር ይሠራ ሲል፣ ፈርጉሰን ዲዛይኑ እንዳይነካ አለ። በዚህም ተለያዩ።

የጠባቸው ምክንያት መኪና የሚሠራ ሰው ሁሉ የሚጋፈጠው ምርጫ ነው። ጉልበት ሲያንስ ሞተር መጨመር ነው ወይስ ያለውን ጉልበት በሚገባ መጠቀም? ትልቅ ሞተር ነዳጅ ይበላል። ክብደቱም የሚሸከመውን ሁሉ፣ ከካምቢዮ እስከ ፍሬን፣ አብሮ ያከብደዋል። ፈርጉሰን ሁልጊዜ ሁለተኛውን መንገድ መረጠ። ሞተሩ የማንም ሊሆን ይችል ነበር፤ የእሱ ጉዳይ ሞተሩና መሬቱ የሚገናኙበት ቦታ ነበር።

በመጨባበጥ የታሰረ ውል

እአአ ጥቅምት 1938 ፈርጉሰን አንድ ትራክተሩን በመርከብ ጭኖ አሜሪካ ገባ። በዲርቦርን፣ በሄንሪ ፎርድ መኖሪያ ግቢ፣ የፈርጉሰን ትራክተር ከሌሎች ሁለት ትራክተሮች ጋር ተወዳደረ። ፎርድ የገበሬ ልጅ ነበርና ያየው ነገር ምን ማለት እንደሆነ ለመረዳት ጊዜ አልወሰደበትም።

ሁለቱ ሰዎች ሜዳው ላይ ጠረጴዛ አስወጥተው ተነጋገሩ። ፎርድ ፋብሪካውን፣ ፈርጉሰን የፈጠራ መብቱን ሊያዋጡ ተስማምተው ተጨባበጡ። ወረቀት አልተጻፈም፤ ጠበቃም አልተጠራም። በሚሊዮኖች የሚቆጠር ዶላር የሚንቀሳቀስበት ሥራ በሁለት ሰዎች ቃል ብቻ ታሰረ።

በተከታዩ ዓመት ሰኔ ላይ ፎርድ 9ኤን የተባለው ትራክተር ተመረቀ። የሞተሩ አመራረጥ የመኪና ወዳጆችን እስከ ዛሬ ያስገርማል። ፎርድ በዚያው ዓመት ሜርኩሪ በተባለው መኪናው ላይ 95 የፈረስ ጉልበት የሚሰጥ ባለ 8 ሲሊንደር ሞተር ይገጥም ነበር። የትራክተሩ ሞተር ከሞላ ጎደል የዚያ ሞተር ግማሽ ነው። የሲሊንደሮቹ ስፋትና የፒስተኖቹ ምልልስ አንድ ሲሆን፣ ሲሊንደሮቹ ግን 4 ናቸው። ብዙ ዕቃዎችን ስለሚጋሩም ትራክተሩን በርካሽ ማምረት ተቻለ።

ባለ 8 ሲሊንደሩ የፎርድና የሜርኩሪ ሞተር ከጦርነቱ በኋላ የአሜሪካ ወጣቶች አሮጌ መኪና እየገዙ ለፍጥነት የሚያሻሽሉት ሞተር ሆነ። በ1960ዎቹ መስል ካር እየተባሉ ለታወቁት ጉልበታም መኪኖች መንገድ ከጠረጉት አንዱም ይኸው ልማድ ነው። የዚያ ሞተር ግማሽ አካል ግን በዝግታ እየዞረ፣ 30 በማይሞላ የፈረስ ጉልበት፣ ማሳ ያርስ ነበር። አንድ ዓይነት ብረት በአንድ በኩል ለፍጥነት፣ በሌላ በኩል ለእንጀራ ዋለ።

ፎርድ እስከ 1947 ድረስ ከ300,000 በላይ የፈርጉሰን አሠራር ያላቸው ትራክተሮችን አመረተ። በዚያን ጊዜ ግን ሽማግሌው ፎርድ ሥልጣኑን ለልጅ ልጁ ለሄንሪ ፎርድ ዳግማዊ አስረክቦ ነበር። ወጣቱ ፎርድ ትራክተሩ ኪሳራ እንደሚያመጣ አሰበ። የአያቱን ቃል አፍርሶ፣ በፈርጉሰን አሠራር የሚሠራ ሌላ ትራክተር በራሱ ኩባንያ ስም መሸጥ ጀመረ። ሄንሪ ፎርድም በዚያው በ1947 አረፈ። የውሉ ምስክር የነበረው ሁለተኛው እጅ ከዚህ ዓለም ተለየ።

ፈርጉሰን በ251 ሚሊዮን ዶላር ካሳ ከሰሰ። ሙግቱ ለዓመታት ተጓተተ። እአአ በ1952 ፎርድ የፈጠራ መብቱን በመጠቀሙ 9.25 ሚሊዮን ዶላር እንዲከፍል በስምምነት ተዘጋ። ገንዘቡ ከጠየቀው እጅግ ያነሰ ነበር። ነገር ግን አንድ ከአየርላንድ የመጣ ፈልሳፊ በዓለም ካሉት ታላላቅ ኩባንያዎች አንዱን መብቱን እንዲያከብር አስገድዷል።

ግራጫው ትራክተርና ወንድሙ የስፖርት መኪና

ክሱ ገና ሳይጀመር ፈርጉሰን ሌላ ፋብሪካ ይፈልግ ነበር። በእንግሊዝ ኮቨንትሪ ከተማ ስታንዳርድ የተባለው የመኪና ኩባንያ በጦርነቱ ጊዜ የአውሮፕላን ሞተር ይመረትበት የነበረ ሰፊ ፋብሪካ ነበረው። በዚያ እአአ ከ1946 ጀምሮ ቲኢ20 የተባለው ትራክተር መመረት ጀመረ። ቀለሙ ግራጫ ነበር። እስከ 1956 ድረስ ከ500,000 በላይ ተሠርቶ ወደ ብዙ አገሮች ተላከ።

የስታንዳርድ አዲስ ሞተር ስላልደረሰ የመጀመሪያዎቹ ትራክተሮች ኮንቲኔንታል ከተባለው የአሜሪካ ኩባንያ በተገዛ ሞተር ተነሡ። በኋላ የመጣው የስታንዳርድ ሞተር ባለ 4 ሲሊንደር ሲሆን፣ የዚሁ ሞተር ዝርያ በቫንጋርድ የቤት መኪና፣ እአአ ከ1953 ጀምሮ ደግሞ ትራያምፍ ቲአር2 በተባለው የስፖርት መኪና ላይ ተገጠመ።

ልዩነቱ ትምህርት ሰጪ ነው። በትራክተሩ ላይ ሞተሩ በደቂቃ 2,000 ጊዜ ገደማ እየዞረ 30 የማይሞላ የፈረስ ጉልበት ይሰጣል። በስፖርት መኪናው ላይ ግን በሁለት ካርቡሬተር እየተነፈሰ፣ ነዳጁን ይበልጥ ጨምቆ እያቃጠለ፣ በደቂቃ 4,800 ጊዜ በመዞር 90 የፈረስ ጉልበት ያወጣል። መኪናው ፍጥነት ይፈልጋል፤ ትራክተሩ ደግሞ ደካማ ነዳጅ ችሎ፣ ሳይግል፣ ቀኑን ሙሉ በአንድ ድምፅ የሚውል ጽናት። አንዱ ከሌላው አይበልጥም፤ ሥራቸው ተለያየ እንጂ።

የነዳጁም ምርጫ እንዲሁ በአገሩ ሁኔታ የሚወሰን ነበር። ቲኢ20 በቤንዚን፣ ለትራክተር ተብሎ በተዘጋጀ ርካሽ ኬሮሲን፣ በላምባ፣ እአአ ከ1951 ወዲህም በናፍጣ የሚሠራ ሆኖ ቀረበ። ናፍጣ ሞተሩን ያከብደዋል፤ ዋጋውንም ያስወድደዋል። ነገር ግን በዝቅተኛ ዙር ብርቱ ጉልበት ይሰጣል፣ ነዳጅም ይቆጥባል። ውሎ አድሮ ሞቃትና ሩቅ በሆኑ የእርሻ አገሮች ያሸነፈው ናፍጣ ነው።

ፈርጉሰን ሥራውን ለማስተዋወቅ አያፍርም ነበር። እአአ በ1948 ለንደን በሚገኘው ታዋቂ ክላሪጅስ ሆቴል አዳራሽ ውስጥ ትራክተር ነድቷል። ዋጋው ዝቅተኛ የሆነ ትንሽ ትራክተር በየገበሬው እጅ ከገባ ምግብ እንደሚረክስና ድህነት እንደሚቀንስ በፅኑ ያምን ነበር። ትራክተሮቹ ምን ያህል እንደሚጸኑ ከታየባቸው ቦታዎች አንዱ ሩቅ ነው። እአአ ጥር 4/1958 ኤድመንድ ሂላሪ በበረዶ በተሸፈነው አንታርክቲካ ተጉዞ ደቡብ ዋልታ የደረሰው በፈርጉሰን ትራክተሮች ነበር።

ገዳሪፍ ላይ የሆነው

ፈርጉሰንና ፎርድ አብረው በሚሠሩበት ዘመን፣ እአአ በ1944፣ ሱዳንን ያስተዳድር የነበረው መንግሥት ለጦር ሠራዊቱ እህል ፈልጎ በገዳሪፍ አቅራቢያ በገደምበሊያ በትራክተር የሚታረስ የማሽላ እርሻ ጀመረ። ጥቁሩ አፈር ለም ነበር፤ ነገር ግን በእጅ መሣሪያ ብቻ ሰፊ ማሳ ለማልማት አስቸጋሪ ነው። ትራክተሩ በሩን ከፈተ።

ከ1950ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ መሬቱ ለግል ባለሀብቶች መሰጠት ጀመረ። እአአ በ1968 ደግሞ በዓለም ባንክ ብድር የተደገፈ የሜካናይዝድ እርሻ ኮርፖሬሽን ተቋቋመ። አንድ ሰው የሚከራየው መሬት 1,000 ፈዳን፣ ማለትም 420 ሄክታር ያህል ነበር። ገዳሪፍ የሱዳን የማሽላ ጎተራ ሆነች። በከተማዋ የቆመው፣ በሶቪየት ኅብረት እርዳታ የተሠራውና 100,000 ቶን የሚይዘው የእህል ማከማቻ የዚያ ዘመን ምልክት ነው።

ወደ አካባቢው የገቡት ትራክተሮች ከመጀመሪያው ግራጫ ትራክተር በእጅጉ የሚበልጡ ናቸው። በሱዳን በሰፊው የታወቀው ማሲ ፈርጉሰን 290 ባለ 4 ሲሊንደር የፐርኪንስ ናፍጣ ሞተር ሲኖረው፣ ጉልበቱ ወደ 80 የፈረስ ጉልበት ይጠጋል። የሚጎትተው ሰፊ የዲስክ ማረሻ ዘሩን የሚበትን ሣጥን ስለተሸከመ፣ በአንድ ጉዞ ያርሳል፣ አረም ይገለብጣል፣ ይዘራል። ዝናቡ በሚፈቅዳቸው ጥቂት ቀናት ሰፊ መሬት መሸፈን የሚቻለው በዚህ መንገድ ነው።

ታሪኩ ግን ፈርጉሰን ካሰበው በሌላ አቅጣጫ ሄደ። እሱ ትራክተሩን ያሰበው ለአንድ ቤተሰብ እርሻ ነበር። በገዳሪፍ ሜዳ ግን ትራክተር ከሁሉ አስቀድሞ የገባው ገንዘብ ባለው ነጋዴ እጅ ነው። እርሻው በሰፋ መጠን ጫካው ተመነጠረ፤ የከብት አርቢዎች መተላለፊያ ጠበበ፤ ዓመት ከዓመት ማሽላ ብቻ የተዘራበት መሬትም እየደከመ ሄደ።

የሰው እጅም ከሥራው አልወጣም። ሰሊጥ ሲደርስ ቅርፊቱ በቀላሉ ተከፍቶ ዘሩ ስለሚረግፍ፣ በእጅ ታጭዶ፣ በነዶ ታስሮ፣ ቆሞ እንዲደርቅ ይደረጋል። ለዚህ ሥራ በየዓመቱ ከአማራና ከትግራይ አካባቢዎች በመተማና በሁመራ በኩል የሚሻገሩ ሠራተኞች ለብዙ አሥርት ዓመታት የገዳሪፍ መኸር ምሰሶ ነበሩ። ትራክተሩ በአንድ ሳምንት የዘራውን ማሳ ለመሰብሰብ ብዙ ሰው ያስፈልጋል።

አራቱም ጎማ ይሥራ

እአአ በ1953 ፈርጉሰን ድርጅቱን ማሲ ሃሪስ ከተባለው የካናዳ ኩባንያ ጋር ቀላቀለ። በዋጋው ላይ የ1 ሚሊዮን ዶላር ልዩነት በተፈጠረ ጊዜ በሳንቲም ዕጣ እንዲወሰን ሐሳብ ቀረበ። ሳንቲሙ ተወረወረ፤ ፈርጉሰን ተሸነፈ፤ ሳያጉረመርም ተቀበለ። ይሁንና ከአዲሶቹ ባልደረቦቹ ጋር አልተስማማም። በተከታዩ ዓመት ለቅቆ ወጣ፤ ስሙ ግን በትራክተሮቹ ላይ ቀረ።

ዕድሜው 70 ሊደርስ ተቃርቦ ወደ ወጣትነት ፍቅሩ፣ ወደ መኪና ተመለሰ። ቀደም ብሎ ከቀድሞዎቹ የውድድር ነጂዎች ከፍሬዲ ዲክሰንና ከቶኒ ሮልት ጋር የምርምር ድርጅት አቋቁሞ ነበር። ጥያቄው ያው የማሳው ጥያቄ ነበር። ጉልበታም መኪና በዝናብ በረጠበ መንገድ ላይ ለምን ይንሸራተታል? መልሱም ተመሳሳይ ሆነ። ጉልበቱ በሁለት ጎማ ብቻ ስለሚወጣ ነው። ስለዚህ ኃይሉ ለአራቱም ጎማ ይከፋፈል፤ አንዱ ጎማ ሲንሸራተት ሌሎቹ ይያዙ፤ ፍሬኑም ጎማው እንዳይቆለፍ ይደረግ።

ሐሳቡን ለዓለም ለማሳየት ፒ99 የተባለ የፎርሙላ ዋን የውድድር መኪና ተሠራ። የተገጠመለት የኮቨንትሪ ክላይማክስ ሞተር የ1.5 ሊትር ነበር። ከ25 ዓመት በፊት በትራክተሩ ላይ ሞተር የገጠመው ይኸው ኩባንያ ነው።

ፈርጉሰን ግን የሥራውን ፍሬ አላየም። እንቅልፍ የሚነሣና መንፈስ የሚጫን ሕመም ለዓመታት አሠቃይቶታል። እአአ ጥቅምት 25/1960 በእንግሊዝ ስቶው ኦን ዘ ዎልድ በሚገኘው ቤቱ ሞቶ ተገኘ። ዕድሜው 76 ሊሞላ ቀናት ቀርተውት ነበር። የሞቱ ምክንያት ከመጠን ያለፈ የእንቅልፍ መድኃኒት ሲሆን፣ መርማሪው ዳኛ በስሕተት ይሁን በፈቃድ ሳይወስን ጉዳዩን ክፍት አድርጎ ተወው።

አንድ ዓመት ሳይሞላ፣ እአአ መስከረም 1961፣ ስተርሊንግ ሞስ ፒ99ን እየነዳ በእንግሊዝ ኦልተን ፓርክ የጎልድ ካፕ ውድድር አሸነፈ። ውድድሩ ለዓለም ሻምፒዮና ነጥብ የሚያሰጥ አልነበረም፤ ነገር ግን በአራቱም ጎማ የሚነዳ የፎርሙላ ዋን መኪና ያገኘው ብቸኛው ድል ነው።

የድርጅቱ መሐንዲሶች በ1965 አሠራሩን በፎርድ ማስታንግ ላይ ሳይቀር ገጥመው ለፎርድ አሳዩ፤ ፎርድ ግን አልገፋበትም። ጄንሰን የተባለው የእንግሊዝ አነስተኛ የመኪና ኩባንያ ግን ሐሳቡን ተቀበለ። ጄንሰን ቀደም ሲል የኦስቲንን ባለ 6 ሲሊንደር የ4 ሊትር ሞተር ይጠቀም ነበር። በኋላ ግን ብዙ ጉልበት ፈልጎ ባለ 8 ሲሊንደሩን የአሜሪካ ክራይስለር ሞተር መረጠ።

እአአ በ1966 የወጣው ጄንሰን ኤፍኤፍ በ6.3 ሊትሩ የክራይስለር ሞተር 325 ያህል የፈረስ ጉልበት ነበረው። ከጉልበቱ 37 በመቶው ለፊት፣ 63 በመቶው ለኋላ ጎማዎች ይከፋፈላል። ለገጠር መንገድ ካልተሠሩ መኪኖች መካከል በአራቱም ጎማ የሚነዳና ጎማ የማያስቆልፍ ፍሬን ያለው፣ ለገበያ የቀረበ የመጀመሪያው መኪና ነበር። በስሙ ካሉት ሁለት ፊደሎች አንዱ የፈርጉሰን ነው። ይሁንና ዋጋው ውድ ነበር። የማስተላለፊያው አቀማመጥም መሪውን ወደ ግራ ለማዛወር ስላልፈቀደ፣ ጉልበታም መኪና በሚወደድባት በአሜሪካ መሸጥ አልቻለም። እስከ 1971 ድረስ 320 ብቻ ተሠርቶ ቆመ።

ዛሬ በብዙ አምራቾች ዘንድ ፈጣን መኪና በአራቱም ጎማ መነዳቱ፣ ፍሬኑም ጎማ አለማስቆለፉ የተለመደ ነገር ሆኗል። ባለሦስት ክንዱ ማያያዣም የአንድ ኩባንያ ንብረት መሆኑ ቀርቶ በዓለም ዙሪያ የትራክተር ሁሉ መለኪያ ሆኗል።

በሱዳን እአአ ሚያዝያ 2023 የተቀሰቀሰው ጦርነት የገዳሪፍን ገበሬም አልማረም። ብዙ ተፈናቃዮች ወደ አካባቢው ገብተዋል፤ ነዳጅ፣ መለዋወጫና የመኸር ሠራተኛ ማግኘት ከባድ ሆኗል። በእንዲህ ያለ ጊዜ ማሽላው ከማንኛውም ጊዜ በላይ ያስፈልጋል። ዝናቡ ሲጥልም ቀያዮቹ ትራክተሮች፣ አንዳንዶቹ ከነጂዎቻቸው ዕድሜ የሚበልጡ፣ ወደ ማሳው ይወጣሉ። ጥቁሩም አፈር በሞተሩ ትልቅነት ሳይገረም፣ እንደ ወትሮው ጎማው መያዙን ይፈትናል።